መክፈቻው ወደ ላይ ነበር

መስከረም 9

ለውድ የባለቤቴ ወንድም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። የምትውልበትን መንገድ፣ የምታድርበትን ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። እኔ በእሱ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

የዘንድሮው ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ እህትህ ባረፈችበት ወር ጽፈህ፣ እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብለሃል። እኔም «ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ራስህን ይቅር በል» ብዬ ልመልስልህ ወረቀት አወጣሁ። አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ጽፌልሃለሁ። በአሥራ ሁለተኛው እጄ እምቢ አለኝ።

ወንድሜ፣ ይቅር የምልህ ነገር አልነበረኝም። እህትህን መንገድ ላይ ያስቀራት የእኔ ሥራ ነው። ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሞተሯን ታውቃታለህ። ጌጅ የላትም፤ ሰልባቲዮዋ ውስጥ ስንት ቤንዚን እንደቀረ የሚናገር መርፌ አልተሠራላትም። የውሃ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «የሰው ቆጣሪ ሲያነብ ይውላል፣ የገዛ ሞተሩ ግን ቆጣሪ የላትም» እያሉ ሲስቁብኝ አንተም አብረህ ስቀሃል። መንዳቱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ከሰልባቲዮዋ ሥር ያለው የቤንዚን መክፈቻ ወደ ታች ሲሆን የላይኛውን ቤንዚን ብቻ ነው የምትወስደው። እሱ ሲያልቅባት ታስላለች። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለህ መክፈቻውን ወደ ላይ፣ ወደ ሪዘርቭ ታዞረዋለህ፤ ከታች የተቀመጠው ይመጣልሃል። ከዚያ በኋላ አርባ ኪሎ ሜትር አለህ፤ ሰው ከጫንክ ወይም ዳገት ከሆነ እሱም ያንሳል። ስትሞላ መክፈቻውን ወደ ታች ትመልሰዋለህ። እንደ መምህር ጣቴን ቀስሬ ነበር ይህን ሁሉ የምነግርህ።

እህትህ ባረፈችበት ሰሞን የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ገመድ ተበጥሶ ነበር። ስንት እንደሄደች የሚያውቀው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ አሳለችና ወደ ላይ አዞርኩት። ማደያው ጋ ስደርስ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተዘርግቷል። ነገ፣ አልኩ። ቅዳሜ በዚያው በሪዘርቭ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ዞርኩ። ቅዳሜም ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰኞ፣ አልኩ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጠህ ጫማህን እየፈታህ «ጋሼ፣ ቤንዚን አላት?» አልከኝ። ቀና ሳልል «አላት» አልኩህ።

ስናገረው ውሸት አልመሰለኝም። አሥር ኪሎ ሜትር ይቀራታል ብዬ አስቤ ነበር። ለሰፈር አሥር ምን ያንሳል?

እሁድ ጠዋት እኔ ጸሎት ቤት ነበርኩ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ወሬ ይዞኝ ቆየሁ። እህትህ ደረቷን ይዛ ስትወድቅ ቤት የነበርከው አንተ ነህ። ሆስፒታሉ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሯ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብለህ መክፈቻውን ስትነካው ወደ ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚዞርበት ቦታ የለውም። እህትህን አዝለህ በእግርህ ወጣህ። አንድ የጭነት መኪና ሲደርስላችሁ እሷ አልፋ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው። ስንፍናን ሰው ይቅር ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን ስንፍና አይደለም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ይዤ ሞተሯን ላመጣ ሄድኩ። መንገድ ዳር እንደተውካት ቆማለች፤ መክፈቻውም ወደ ላይ እንደሆነ ነው። ቤንዚኑን ጨመርኩ። ክዳኑን ልዘጋ ስል አባትህ በወዳጃቸው መኪና መጥተው ሊወርዱ በሩን ሲከፍቱ አየሁ። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ መክፈቻው ላይ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ቢጥሉ በሪዘርቭ ያሳደራት ማን እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እጄ ሄዶ ወደ ታች መለሰው። ሳላስበው ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። አስቤ ነው።

አባትህ መክፈቻውን አዩ። ሞተሯን ወዝወዝ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔ የጨመርኩትን ሰምተው «ቤንዚን አለ» አሉ። «ሪዘርቩን እንኳ አልከፈተውም። ልጄን ቤንዚን ላይ አስቀምጦ...» እኔም አፌን አልከፈትኩም። ቤት ስንደርስ ሰው በተሰበሰበበት «አዙረኸዋል?» ብለው ጠየቁህ። «ነክቼዋለሁ አባባ፤ ወደ ላይ ነበር፤ እጄ ያውቀዋል» አልክ። «እጅህ ውሸታም ነው» አሉህ። ከዚያ ወዲህ ስምህን አልጠሩም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚሉህ። በስምንተኛው ወር ከአገር ወጣህ።

ለእግዚአብሔር በየቀኑ ተናግሬዋለሁ። እሱ ግን ድሮም ያውቀው ነበርና፣ እንደ ተናገርኩ አይቆጠርልኝም።

የእህትህ ባል


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ደህና ናት። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ልንገርዎት። እዚህም ሞተር ላይ ነው የምውለው፤ የሰው ዕቃ ቤት ለቤት አደርሳለሁ። የሰጡኝ ሞተር አሮጌ ነው፤ እሱም ጌጅ የለውም። ጓደኞቼ «ሙሉ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ግማሽ ሳይጎድል ማደያ ስለምገባ ነው። «ሙሉ፣ ደግሞ መጣህ? ልትጠጣው ነው እንዴ?» ይሉኛል፤ አብሬያቸው እስቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ሞተሩን ወዝውዤ እሰማለሁ። መስማቱ ስለማይበቃኝ ቀጭን እንጨት ከትቼ እርጥበቱ የት እንደደረሰ አያለሁ። የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ባለቤቴ እንደተጋባን ሰሞን «ምንድን ነው ክንድህ ላይ ያለው ቁጥር?» አለችኝ። «የሥራ ነው» አልኳት። መብራት ይዞኝ በቆምኩ ቁጥር ግራ እጄ ሳላዘው ወርዶ መክፈቻውን ይዳስሳል። አሥራ ሁለት ዓመት።

ያን ቀን እጄ ሲነካው ወደ ላይ እንደነበር አውቅ ነበር። አባባ «ታች ነው ያገኘሁት» ሲሉኝ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ዓይንዎን አየሁ። ጋሼ ዝም ካሉ እውነት ነው ማለት ነው አልኩ። እጄን ካድኩት። ቀስ እያለ ትዝታዬም ተለወጠ፤ አሁን ያን ዳገት ሳስበው መክፈቻው ታች ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ እኔም እንደ ጅል አጠገቡ ቆሜ ሳላዞረው ነው የሚታየኝ። እርስዎ ደግሞ ላይ ነበር ይሉኛል። የትኛውን ልየው?

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአባባ ይንገሯቸው።

አማችዎ


ጥር 6

ለውድ ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ከብርዱ ይሰውርህ፤ ባለቤትህንም በጤና ያኑርልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት።

አባትህ ዓይናቸው እየከዳቸው ነው። ጥላና ብርሃን ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ጠዋት ከሥራ በፊት ሄጄ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አጥባለሁ፤ መዝሙረ ዳዊት አነብላቸዋለሁ። ማታም ብቅ እላለሁ። አሁን ጉንፋን ይዟቸው ደረታቸው ይተናነቃቸዋል፤ ሲያስሉ ማየት ያስጨንቃል። በዚህ ላይ ያንን ነገር መናገር ጭካኔ መሰለኝ። ጉንፋኑ ሲለቃቸው እነግራቸዋለሁ። ጊዜ ስጠኝ።

ቤቱን ጣሪያ አስጠግኛለሁ። እህትህ በወጣትነቷ የተነሳችው አንድ ጥሩ ፎቶ ተገኝቷል፤ በር ላይ ተደግፋ የምትስቅበት። ልላክልህ ወይ?

የእህትህ ባል


የካቲት 20

ይድረስ ለእህቴ ባል፣

«ጋሼ» ማለት አፌ ላይ ከብዶኛል፤ «እርስዎ» ማለትም እንደዚያው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ።

ጉንፋኑ ሲለቃቸው ትለኛለህ። ሰልፉ ረጅም ነው ማለትህ ነው። ዓርብ፣ ነገ አልክ። ቅዳሜ፣ ሰኞ አልክ። እስቲ ልጠይቅህ፣ አባባ ስንት ዓመታቸው ነው? ሰማንያ ሦስት። ጌጅ አላቸው? ስንት እንደቀራቸው በየት በኩል ታያለህ? ደግሞ እያሳሉ ነው ብለህ ራስህ ትጽፍልኛለህ። ማሳል ምን ማለት እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ።

ፎቶውን አልፈልግም። የእቴቴን ፊት ከአንተ እጅ መቀበል አልፈልግም። ጀርባዬ ላይ ስትከብድ አውቃታለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ስትከብድ አውቃታለሁ። መቼ እንደሞተች ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። «ትንሽ ቀረን፣ እቴቴ» እያልኩ ከሞተች በኋላም ብዙ መንገድ ሄጃለሁ።

ይቅር ያልክባቸውን አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል። ባለቤቴ ሳነብላት «እንዴት ያለ ደግ ሰው ናቸው» ትል ነበር፤ አንዴ አልቅሳለች። ዛሬ ነገሩን ስነግራት ምን እንዳለች አልጽፍልህም። ከደብዳቤዎቹ አንዱን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ስድስተኛውን። «እግዚአብሔር ያለፈውን አይቆጥርብህም» የምትለኝ እሱ ውስጥ ነው። ብቻህን ሆነህ ጮክ ብለህ አንብበው።


መጋቢት 15

ወንድሜ፣

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ጨርሼዋለሁ።

አንተ ብለኸኛል፤ የሚገባኝ ነው።

አባትህን ጉንፋኑ ከለቀቃቸው ሦስት ሳምንት ሆኗል። ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ደጃፋቸው ደርሼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ውሃ ቀድቼ ተመልሻለሁ። ምክንያቱን ስፈልግ ከርሜ አገኘሁት፤ አያምርም። አባትህ «ልጄ» ይሉኛል። ቀድሞ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተጀመረው። ባለፈው ሳምንት ጢማቸውን ስላጫቸው «አንተ ባትኖር ማን ነበረኝ?» አሉኝ። ምላጩን ይዤ ቆምኩ። ማን እንደነበራቸው የማውቅ እኔ ነኛ። ከአንተ ቀምቼ ለብሼው የኖርኩትን ስም ማውለቅ ነው ያቃተኝ።

እሳቸውን ካጣሁ ማንም የለኝም። ይህን የምጽፈው እንድታዝንልኝ አይደለም።

ያለፈውን መስመር መልሼ አነበብኩት። እንድታዝንልኝ ነው።

የእህትህ ባል


ሚያዝያ 8

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አላዘንኩልህም።

ትናንት መንገድ መሐል መብራት ይዞኝ መክፈቻውን ስዳስስ፣ ላይ ይሁን ታች መለየት አቃተኝ። እጄ እዚያው ላይ ነው፤ ግን አላመንኩትም። መብራቱ ተለቀቀ፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ወርጄ ተንበርክኬ በዓይኔ አየሁት። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

ከአንተ አፍ ሰምቻለሁ፤ አልረዳኝም። ከአባባ አፍ ነው የምፈልገው። ከዚህ በኋላ አልጽፍም።


ሚያዝያ 26

ወንድሜ፣

አባትህ የእሳቸው ቃል እንዲቀድም አዘዋል። ባሉት ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦

«እጅህ አልዋሸም። የዋሸው የእኔ ጆሮ ነው፤ ቤንዚኑን ሰማሁ እንጂ ልጄን አልሰማሁም። መምጣት ከቻልክ ቶሎ ና። ካልቻልክ ጻፍልኝ፤ ሌላ ሰው ያነብልኛል።»

ሌላ ሰው ያሏት ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ነው። ከሰኞ ጀምሮ ውሃ የምትቀዳላቸውም እሷ ናት። ከዚህ ቃል በኋላ እኔ ከደጃፋቸው እንዳልደርስ ብለዋል። ቃላቸውን ያስጻፉኝ በሩ ላይ አቁመው ነው፤ ወንበር አልሰጡኝም። ሲጨርሱ «መልሰህ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። «እንደገና» አሉ። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ስሜን ጠርተው «በል ሂድ» አሉኝ።

መዝሙረ ዳዊቱ እዚያው ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ማንበብ ስለምትችል አልጠየቅኩትም።

እንዴት እንደነገርኳቸው ማወቅ ይገባሃልና ልጻፈው። እሁድ ጠዋት ጸሎቱ እንዳለቀ ማንንም ሳላናግር ወጣሁ። ሞተሯን ይዤ ማደያ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድ የማውቀው የቆጣሪ ደንበኛ «አንተ ደግሞ በእሁድ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። «ዘግይቼ ነው» አልኩት። እስከ አፏ ሞላኋት።

አባትህ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። ሞተሯን አጥፍቼ እየገፋሁ አስገባኋት። ድምፁን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ በሞተር ነህ? ውሃውን በእሷ ልታመጣው ነው?»

«አይደለም አባባ። እጅዎን ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

«ምን ልታደርገው?»

«አንድ ነገር እንዲነኩልኝ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ አድርጌ ጣቶቻቸውን ከሰልባቲዮዋ ሥር አስቀመጥኳቸው። ከመቅጽበት አወቁት፤ አርባ ዓመት መኪና የነዳ እጅ ነው።

«መክፈቻው ነው» አሉ። «ታች ነው ያለው። ምን ሆነ?»

«ያን ቀን መንገድ ዳር ሲያገኙት እንደዚህ ነበር፣ አባባ?»

የመለሱልኝ በሌላ ድምፅ ነው። «እንደዚህ ነበር። ታች። ያ ልጅ ሳያዞረው። ለምን ታስታውሰኛለህ?»

«እርስዎ ከመኪናው ከመውረድዎ በፊት ግን እንደዚህ አልነበረም።»

እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ። አልለቀቅኳቸውም። ጉልበቴ አፈር ላይ ነበር፤ አጠገቤ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነው። እግዚአብሔርን አልጠራሁም፤ በዚያች ሰዓት ከእሱ ጋ ጉዳይ አልነበረኝም። ጣቶቻቸውን በጣቶቼ ሥር ይዤ፣ መክፈቻውን ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አዞርኩት።

«ልጅዎ የተወው እዚህ ላይ ነው» አልኳቸው። «ወደ ታች ያወረድኩት እኔ ነኝ።»